ጥያቄና መልስ፦ ለቆመች አሮጌ መኪና የትኛው የባትሪ ቻርጀር ይሻላል?

በዚህ ዕትም ከአንባቢዎች የደረሱንን፣ ለረጅም ጊዜ የሚቆሙ አሮጌ መኪኖችን ባትሪ የሚመለከቱ አራት ደብዳቤዎች በአንድነት አቅርበናል። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ (ከአዲስ አበባ)፦ ከአባቴ የወረስኩት የ1965 ሞዴል ቮልስዋገን አለኝ። ግቢያችን ውስጥ ባለ የቆርቆሮ ጋራዥ የሚቆም ሲሆን፣ ለሠርግና ለበዓል ካልሆነ በስተቀር አይወጣም። ባትሪው በየጊዜው ስለሚወርድ ዘበኛችን በየእሑዱ ሞተሩን አስነሥቶ ከአሥር ደቂቃ በኋላ እንዲያጠፋው አዝዤ ነበር፤ ሆኖም አዲስ የገዛሁት ባትሪ ብዙ ሳይቆይ ሞተ። አሁን ቻርጀር ልገዛ ሱቅ ብጠይቅ አንዱ ባለ 30 አምፔር፣ ሌላው ባለ 10 አምፔር፣ ሦስተኛው ደግሞ ከመዳፍ የማይበልጥ «ስማርት» የሚባል አሳዩኝ። ትልቁን መግዛት አይሻልም? ደግሞስ ዘመናዊው ቻርጀር አሮጌ መኪና አይጎዳም?

መልስ፦ ቀሪው ሁሉ የሚመሠረተው በመጨረሻው ጥያቄዎ ላይ ስለሆነ ከእሱ እንጀምራለን። ቻርጀር የሚመረጠው ባትሪውን አይቶ እንጂ የመኪናውን ዕድሜ አይቶ አይደለም። ፈረንሳዊው ጋስቶን ፕላንቴ በ1859 የሠራው የእርሳስና የአሲድ ባትሪ ዛሬ ከሱቅ ከሚገዙት ባትሪ ጋር በመሠረቱ አንድ ነው፤ ያኔም ሆነ አሁን እያንዳንዱ ሴል የሚሰጠው 2 ቮልት ገደማ ነው። ስለዚህ ቮልቴጁ ትክክል እስከሆነ ድረስ ዘመናዊ ቻርጀር የእርስዎን ቮልስ የሚጎዳበት ምክንያት የለም።

ጥንቃቄ የሚያሻው በዚሁ ቮልቴጅ ላይ ነው። መኪናዎ በተሠራበት ዘመን ቮልስዋገን ከፋብሪካ ይወጣ የነበረው በ6 ቮልት ነው። ለአሜሪካ ገበያ የሚሠራው ከ1967 ሞዴል ጀምሮ ወደ 12 ቮልት ሲዛወር፣ ለሌሎች አገሮች የሚሠራው ጥቂት ዘግይቶ ተከትሏል። ይሁንና ብዙዎቹ በኋላ ዘመን ወደ 12 ቮልት የተቀየሩ ስለሆነ ሊብሬው ላይ ያለው ዓመት ብቻውን ማረጋገጫ አይሆንም። የኋላ መቀመጫውን አንሥተው በስተቀኝ በኩል የሚያገኙትን ባትሪ ይመልከቱ፤ የውሃ መሙያ ክዳኖቹ ሦስት ከሆኑ ባትሪው ባለ 6 ቮልት ነው፣ ስድስት ከሆኑ ባለ 12 ቮልት ነው። ክዳን የሌለው ድፍን ባትሪ ከሆነ በመልቲሜትር መለካት ያስፈልጋል። ባለ 12 ቮልት ቻርጀር ከ6 ቮልት ባትሪ ጋር ቢገናኝ ባትሪውን አፍልቶ ያበላሸዋል፤ በተቃራኒው ቢሆን ደግሞ ባትሪው ፈጽሞ አይሞላም።

አንዳንድ ቻርጀሮች 6 ይሁን 12 ቮልት ራሳቸው እንደሚለዩ ይነገርላቸዋል። እኛ ግን ቮልቴጁ በቁልፍ የሚመረጥበትን እንመርጣለን፤ ምክንያቱም ክፉኛ የወረደ ባለ 12 ቮልት ባትሪ ሲለካ የ6 ቮልት ባትሪ መስሎ ሊታይና ቻርጀሩን ሊያሳስት ይችላል።

የእሑዱን ልማድ በተመለከተ፣ ለባትሪው ማለቅ ዋናው ምክንያት እሱ ሳይሆን አይቀርም ብለን እናምናለን። ይህ ልማድ በብዙ ግቢዎች ውስጥ አለ፤ ቅን ሐሳብ ቢሆንም ውጤቱ ተቃራኒ ነው። ቆሞ የሰነበተ መኪና ካርቡሬተሩ ውስጥ ያለው ቤንዚን ስለሚተን፣ የቤንዚን ፓምፑ እንደገና እስኪያመጣ ድረስ ሞተሪኖው ረዘም ላለ ጊዜ መሽከርከር አለበት፤ ያ ሁሉ ኃይል የሚወጣው ከባትሪው ነው። ከዚያ በኋላ ሞተሩ በዝቅተኛ ዙር ሲሠራ የድሮው ዲናሞ የሚያመነጨው ኃይል እጅግ አነስተኛ ነው። የቮልስ ባለቤቶች በሚገባ የሚያውቋት ዳሽቦርዱ ላይ ያለችው ቀይ መብራት በዝቅተኛ ዙር ብልጭ ድርግም የምትለው በዚሁ ምክንያት ነው። እንግዲህ ባትሪው በየሳምንቱ ከሚተካለት የበለጠ ይወጣበታል ማለት ነው። ከዚህም ሌላ ሞተሩ በቅጡ ሳይሞቅ ስለሚጠፋ በዘይቱና በጭስ ማውጫው ውስጥ እርጥበት ይጠራቀማል። ሞተሩ መሥራት አለበት ከተባለ መኪናው ከግቢ ወጥቶ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት መንገድ ላይ መነዳት ይኖርበታል፤ ያ የማይቻል ከሆነ ጨርሶ አለማስነሣት የተሻለ ነው።

ሳይሞላ የሚቆይ ባትሪ የሚጎዳው እንዲህ ነው። ባትሪው ኃይል ሲሰጥ ፕሌቶቹ (ውስጡ ያሉት የእርሳስ ሰሌዳዎች) ላይ የእርሳስ ሰልፌት ይፈጠራል፤ ቶሎ ከተሞላ ይህ ሰልፌት ተመልሶ ይሟሟል። ሳምንታትና ወራት ካለፉ ግን ወደ ጠጣር ክሪስታል ስለሚለወጥ ቻርጀር በቀላሉ አይመልሰውም፤ በዚያው መጠን የባትሪው የመያዝ አቅም ለዘለቄታው ይቀንሳል። የሞላ ባለ 12 ቮልት ተራ ባትሪ፣ ከሞላ በኋላ ለጥቂት ሰዓታት አርፎ ሲለካ 12.6 ቮልት ወይም ትንሽ ከፍ ያለ ያሳያል። 12.4 ሲሆን ከኃይሉ ወደ ሦስት አራተኛው፣ 12.2 ሲሆን ግማሹ ገደማ አለ፤ 12.0 ላይ ከደረሰ ደግሞ አንድ አራተኛው ብቻ አለ። ባለ 6 ቮልት ለሆነው ቁጥሮቹን በግማሽ ይውሰዱ። የሚቆም መኪና ባትሪ ከ12.4 በታች እንዲወርድ መፍቀድ አይገባም።

አሁን ወደ አምፔሩ እንመለስ። ባትሪ ሥራ ላይ ሳይውል እንኳ በራሱ ጊዜ ይወርዳል፤ በመካከለኛ የአየር ሙቀት አንድ ጤነኛ አዲስ ባትሪ በወር ከ3 እስከ 5 በመቶ ያህል ያጣል፣ ያረጀው ደግሞ ከዚህ ይበልጣል። ባትሪዎ 45 አምፔር-ሰዓት (ማለትም 1 አምፔር ለ45 ሰዓት ያህል የመስጠት አቅም ያለው) ቢሆን በወር የሚያጣው 2 አምፔር-ሰዓት ገደማ ነው ማለት ነው፤ ይህን ባለ 1 አምፔር ቻርጀር በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ይተካዋል። ስለሆነም ባለ 30 አምፔሩ ለዚህ ሥራ የተሠራ አይደለም። እሱ የሚጠቅመው በቀን ብዙ ባትሪ ለሚሞላና ባለሙያ አጠገቡ ለሚቆምለት ጋራዥ ነው። ከባድ ትራንስፎርመር ብቻ ያላቸው፣ ሲሞላ ራሳቸውን የማያቆሙ ዓይነቶች ሰው ሳያያቸው ለቀናት ሲተዉ ቮልቴጁ ከ15 በላይ ሊወጣ ይችላል፤ ያን ጊዜ የባትሪው ውሃ ይፈላል፣ ፕሌቶቹ ራቁታቸውን ይቀራሉ፣ ሃይድሮጂን ጋዝም በብዛት ይወጣል።

ለሚቆም መኪና ቻርጀር ስንመርጥ የምናየው ምን ያህል በኃይል እንደሚገፋ ሳይሆን መቼ እንደሚያቆም ነው። ሱቅ ውስጥ «ስማርት» የሚባለው፣ በትክክል የተሠራ ከሆነ፣ በመጀመሪያ በሙሉ አቅሙ ይሞላል፤ ቮልቴጁ 14.4 አካባቢ ሲደርስ እዚያው ይዞ አምፔሩን ቀስ በቀስ ይቀንሳል፤ በመጨረሻም ወደ 13.5 አካባቢ ወርዶ ባትሪው በራሱ የሚያጣውን ያህል ብቻ እየተካ ለወራት ይቆያል። መመሪያው ላይ ይህ የመጨረሻው ደረጃ መኖሩ ካልተጻፈ፣ ማሸጊያው ላይ «ስማርት» የሚል ቃል መኖሩ ብቻውን ምንም ዋስትና አይሆንም።

መጠኑን በተመለከተ የእኛ ምርጫ ከ4 እስከ 5 አምፔር ያለው ነው። ባትሪ በአጠቃላይ ከአቅሙ አንድ አሥረኛ በሚሆን አምፔር ቢሞላ ይስማማዋል፤ ለ45 አምፔር-ሰዓት ባትሪ ይህ 4.5 አምፔር ነው። ባለ 1 አምፔሩም ለማቆያነት በቂ ነው፤ ነገር ግን ባዶ የሆነ ባትሪ አንድ ቀን ቢያጋጥምዎ ለመሙላት ከሁለት ቀን በላይ ይወስድበታል።

በአገራችን ሁኔታ ደግሞ የውጭ መመሪያዎች ብዙም የማያነሡት አንድ ነገር አለ። መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ቻርጀሩ ምን ያደርጋል? አንዳንዱ ራሱ ሥራውን ይቀጥላል፤ አንዳንዱ ግን ሰው መጥቶ ቁልፍ እስኪጫንለት ድረስ ዝም ብሎ ይቀመጣል። ይባስ ብሎ ከባትሪው ጋር እንደተያያዘ መብራት ሲጠፋ በተቃራኒው ከባትሪው ጥቂት ኃይል የሚስብ ርካሽ ዓይነትም አለ። ሱቅ ውስጥ ቆመው ይህን መፈተን ይችላሉ፤ ባትሪ ላይ አያይዘው ሥራ ካስጀመሩት በኋላ ከሶኬቱ ነቅለው ጥቂት ቆይተው መልሰው ይሰኩት። መብራቶቹ ቀድሞ ወደነበሩበት ካልተመለሱ ሌላ ይጠይቁ። ይህን ፈተና የማያስፈትን ነጋዴ ዕቃውን ቢያስቀረው ይሻላል። መብራት ሲመለስ ከሚመጣው የቮልቴጅ መዋዠቅ ለመከላከልም ቻርጀሩን በመከላከያ ሶኬት ወይም በስታቢላይዘር በኩል ማገናኘት ተገቢ ነው።

የቮልስ ባትሪ መቀመጫ ሥር መሆኑ ሁለት ተጨማሪ ጥንቃቄ ይጠይቃል። የመጀመሪያው የመቀመጫው ስፕሪንግ ነው፤ የባትሪው መሸፈኛ ከጠፋ ሰው ሲቀመጥበት ስፕሪንጉ ተርሚናሉን ነክቶ እሳት ሊያስነሣ ይችላል። ስለዚህ ኤሌክትሪክ የማያስተላልፍ መሸፈኛ መኖሩን ያረጋግጡ፤ ቻርጀሩ በተያያዘበት ጊዜም መቀመጫውን ከቦታው አንሥተው ያቆዩ። ሁለተኛው ጋዝ ነው፤ ሃይድሮጂን በአየር ውስጥ 4 በመቶ ሲደርስ በብልጭታ ሊፈነዳ ስለሚችል የመኪናውን መስኮቶችና የጋራዡን መተንፈሻ ክፍት ማድረግ ያስፈልጋል። ቻርጀሩ ራሱ በመቀመጫ ጨርቅ ላይ ወይም ከመኪና ሸራ ሥር መቀመጥ የለበትም፤ ሲሞቅ አየር በሚያገኝበት ጠንካራ ቦታ ላይ ከመኪናው ውጭ ይቀመጥ። መጀመሪያ መቆንጠጫዎቹን ከባትሪው ጋር ያያይዙ፣ ከዚያ ከሶኬቱ ይሰኩ፤ ሲያበቁ ደግሞ ከሶኬቱ ይጀምሩ።

ከመግዛትዎ በፊት ግን ያለዎትን ባትሪ ያስፈትሹ። ሙሉ በሙሉ ተሞልቶ አንድ ሌሊት ካደረ በኋላ ከ12.4 ቮልት በታች የሚወርድ ባትሪ ያለቀ ነውና፣ ምንም ያህል ውድ ቻርጀር ቢገዙለት አይድንም። ገንዘቡን በመጀመሪያ ለባትሪው ያውሉት።

ጥያቄ (ከሜሪላንድ፣ አሜሪካ)፦ ባሕር ዳር በወላጆቼ ግቢ ውስጥ የቆመ ፊያት 600 አለኝ፤ በየሁለት ዓመቱ ስመጣ እነዳዋለሁ። ወንድሜ ለደኅንነት ብሎ የጂፒኤስ መከታተያ አስገጥሞበታል። ከዚህ ጥሩ ቻርጀር ገዝቼ ብልክ ይሠራል? እናትና አባቴ አረጋውያን ስለሆኑ ሽቦና ሶኬት እንዲነካኩ አልፈልግም። በፀሐይ የሚሠራ ቢሆንስ?

መልስ፦ አሜሪካ ውስጥ የሚሸጡ ብዙ ቻርጀሮች የተሠሩት ለ120 ቮልት ብቻ ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ 220 ቮልት ላይ ቢሰኩ ወዲያው ይቃጠላሉ፤ የሶኬት መቀየሪያ ደግሞ የጫፉን ቅርጽ እንጂ ቮልቴጁን አይቀይርም። ከመግዛትዎ በፊት ከጀርባው የተለጠፈውን ጽሑፍ ያንብቡ፤ ከ«ኢንፑት» ቀጥሎ ከ100 እስከ 240 ቮልት፣ 50 እና 60 ኸርዝ የሚል ካለ ሊልኩት ይችላሉ። 120 ቮልት ብቻ የሚል ከሆነ ግን አውርዶ የሚሰጥ ትራንስፎርመር ፈልጎ ከማገናኘት እዚያው ቢተዉት ይመረጣል፤ ለወራት ሳይነቀል የሚቆይ ዕቃ ላይ አንድ ተጨማሪ የሚሞቅ ነገር መጨመር አያስፈልግም።

ከቻርጀሩ በፊት ግን የጂፒኤሱ ጉዳይ ይታይ። ፊያት 600 በተሠራበት ጊዜ መኪናው ቆሞ ሳለ ኃይል የሚወስድ ነገር አልነበረበትም ማለት ይቻላል። አሁን የተገጠመው መከታተያ 30 ሚሊአምፔር ብቻ የሚወስድ ነው ብንል እንኳ በቀን 0.72 አምፔር-ሰዓት ይሆናል፤ በዚህ አኳኋን 45 አምፔር-ሰዓት የሆነ ባትሪ በአንድ ወር ውስጥ ግማሹን ያጣል። ሁለት ዓመት በግቢ ለሚቆም መኪና መከታተያው የሚሰጠው ጥቅም ባትሪውን ለመግደል የሚበቃ አይመስለንም። ካስፈለገ የራሱ ትንሽ ባትሪ ያለው ዓይነት ይገጠም፤ አለበለዚያ የባትሪው ኔጌቲቭ ተርሚናል ተፈትቶ ይቀመጥ።

ስለ ፀሐይ ያነሡት ሐሳብ ለእርስዎ ሁኔታ ከሁሉም የሚሻል ይመስለናል። መከታተያው ከተነሣ ባትሪው በወር የሚያጣው 2 አምፔር-ሰዓት ገደማ ስለሆነ፣ ባለ 10 ዋት አነስተኛ ሰሌዳ በደህና ፀሐይ በአንድ ቀን ብቻ ይህን ያህል ሊመልስ ይችላል፤ በክረምቱ ደመናም ቢሆን በቂ ነው። ሁለት ነገር ግን አይዘንጋ። በሰሌዳውና በባትሪው መካከል የቮልቴጅ መቆጣጠሪያ የግድ መኖር አለበት፤ አለበለዚያ የሰሌዳው ቮልቴጅ ጠራራ ፀሐይ ላይ ከባትሪው ልክ እጅግ ያልፋል። መቆጣጠሪያው በፀሐይ ሰሌዳ ሻጮች ዘንድ ለቤት መብራት የሚያገለግለው አነስተኛው ዓይነት ሊሆን ይችላል፤ ለእርሳስና አሲድ ባትሪ የተስተካከለ መሆኑን ብቻ ያረጋግጡ። ሁለተኛ፣ ከባትሪው ተርሚናል አጠገብ በሽቦው ላይ ፊውዝ ይግባበት። ሰሌዳው ቆርቆሮው ላይ አንድ ጊዜ ከታሰረ በኋላ ወላጆችዎ የሚነኩት ነገር አይኖርም። ባትሪው ክዳን ያለው ከሆነ በዓመት ሁለት ጊዜ ያህል አንድ ሰው የውሃውን ልክ አይቶ በባትሪ ውሃ ይሙላው፤ የቧንቧ ውሃ ግን ፈጽሞ አይጨመር።

ጥያቄ (ከድሬዳዋ)፦ ፔጆ 404 አለኝ። ባለፈው ዓመት «ውሃ የማይፈልግ» የተባለ ኤጂኤም ባትሪ ገዛሁለት። ቻርጀሬ ላይ የኤጂኤም፣ የተራ ባትሪና የሊቲየም ምርጫ እንዲሁም «ጥገና» የሚል ቁልፍ አለ። የከተማችን ሙቀትስ ለውጥ ያመጣል?

መልስ፦ ሙቀቱ በእርግጥ ለውጥ ያመጣል። በግምት ሙቀቱ በ10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር ባትሪ በራሱ የሚወርድበት ፍጥነት እጥፍ ይሆናል፤ ስለዚህ የድሬዳዋ ባትሪ ከአዲስ አበባው ቀድሞ ቻርጀር ይፈልጋል። በሌላ በኩል ደግሞ ባትሪው ሲሞቅ የሚሞላበት ቮልቴጅ ዝቅ ማለት አለበት። ለባለ 12 ቮልት ባትሪ ከ25 ዲግሪ በላይ ለሚጨምር ለእያንዳንዱ ዲግሪ 0.02 ቮልት ገደማ ይቀነሳል፤ በ35 ዲግሪ 0.2 ቮልት ማለት ነው። ቁጥሩ ትንሽ ይመስላል፤ ለወራት ሳይነቀል ለሚቆይ ኤጂኤም ባትሪ ግን ትንሽ አይደለም፤ ምክንያቱም ከመጠን በላይ ተሞልቶ የተነነው ውሃ በምንም መንገድ አይተካም። የሙቀት መለኪያ ያለው ቻርጀር ተጨማሪ ዋጋው ተገቢ የሚሆነው እንደ እናንተ ባለ ከተማ ነው። የእርስዎ ቻርጀር ይህ ከሌለው ሁልጊዜ ሰክተው አይተዉት፤ በወር አንድ ጊዜ፣ በተለይም በቀዝቃዛው ሌሊት ሞልተው ይንቀሉት።

ምርጫው ኤጂኤም (አሲዱ በፕሌቶቹ መካከል ባለ የመስታወት ጭረት ምንጣፍ ውስጥ የተያዘበት ድፍን የእርሳስና የአሲድ ባትሪ) ላይ ይሁን። የሊቲየሙን ምርጫ አይንኩት። «ጥገና» የሚለው በብዙ ቻርጀሮች ላይ ቮልቴጁን ወደ 16 ቮልት አካባቢ የሚያስጠጋና ክዳን ላለው ተራ ባትሪ የታሰበ ነው፤ ለኤጂኤም አይመከርም፤ ለተራውም ቢሆን ባትሪው ከመኪናው ወጥቶ እንጂ ሬዲዮና መብራት እንደተያያዘ አይደረግም። መኪናው በሚነዳበት ጊዜም የድሮው የቮልቴጅ መቆጣጠሪያ ከ14.8 ቮልት በላይ እንዳይሰጥ በባለሙያ ያስለኩት፤ ያ ካልተስተካከለ ቻርጀሩ ላይ የሚደረገው ጥንቃቄ ሁሉ ከንቱ ይሆናል።

ጥያቄ (ከአዳማ)፦ የ1962 ላንድሮቨር ገዛሁ። የመኪናው አካል የተያያዘው ከባትሪው ፖዘቲቭ ጋር ሆኖ አገኘሁት። ሰው በስህተት ገልብጦት ይሆን? ቻርጀሩንስ ገልብጬ ላያይዝ?

መልስ፦ ማንም አልገለበጠውም። በዚያ ዘመን የተሠሩ ብዙ የእንግሊዝ መኪኖች፣ ላንድሮቨርን ጨምሮ፣ ከፋብሪካ የሚወጡት ፖዘቲቩ ከአካሉ ጋር ተያይዞ ነበር። ቻርጀሩን አይገልብጡ፤ ቀዩ መቆንጠጫ ምንጊዜም ባትሪው ላይ የመደመር ምልክት ካለበት፣ ጥቁሩም የመቀነስ ምልክት ካለበት ተርሚናል ጋር ይያያዛል። መመሪያው ላይ «ጥቁሩን ከመኪናው አካል ጋር ያያይዙ» የሚል ካገኙ በእርስዎ መኪና ላይ የሚሠራው በተቃራኒው ነው፤ ከአካሉ ጋር የሚገናኘው ቀዩ ነው። በድሮ መኪና ላይ የሽቦው ቀለም በኋላ ተቀይሮ ሊሆን ስለሚችል ከቀለሙ ይልቅ ባትሪው ላይ የታተመውን ምልክት ይመኑ። ባትሪውን ለማቆየት መፍታት ሲፈልጉም በሌሎች መኪኖች ኔጌቲቩ እንደሚቀድመው ሁሉ በእርስዎ ላንድሮቨር ፖዘቲቩን በመጀመሪያ ይፍቱ፤ ሲያስሩ ደግሞ እሱን መጨረሻ ላይ ይሰሩ።